ባለ 3 ኪሎዋት ፋይበር ሌዘር በእኛ ወርክሾፕ፦ ጥሩ ቆረጣ ከየት ይመጣል?

ቃሊቲ አካባቢ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። የግቢ በር፣ የበረንዳና የደረጃ መደገፊያ፣ የዳቦ ቤት መደርደሪያ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አካል እንሠራለን። የሌዘር ማሽን ካስገባን ወዲህ የሙያ ጓደኞቼ «እንዴት ነው? ያዋጣል ወይ?» እያሉ ይደውሉልኛል። በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ማሽኑ ቻይና ሠራሽ ፋይበር ሌዘር ነው፤ ማለትም ጨረሩ በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚመነጭበት ላሜራ መቁረጫ ነው። ጉልበቱ 3 ኪሎዋት ነው። ላሜራው የሚነጠፍበት አልጋ 3 ሜትር በ1.5 ሜትር ሲሆን ዙሪያው ክፍት ነው። የብራንዱን ስም አልጠቅስም። የእነዚህ ማሽኖች የሌዘር ምንጭ ከአንድ ፋብሪካ፣ ጨረሩን ብረቱ ላይ የሚያወርደው ጭንቅላት ከሌላ፣ መቆጣጠሪያው ከሦስተኛ ይመጣና ተገጣጥሞ በብዙ ስም ይሸጣል። የምጽፈው ነገር በዚህ መደብ ላሉት ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ማሽኑን ወድጄዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። ነገር ግን ገና ተገጥሞ እንዳለቀ ይቆርጥ የነበረውና አሁን የሚቆርጠው በጣም ይለያያል። ማሽኑ ያው ነው። የተቀየረው ዙሪያው ነው፦ አየሩ፣ ጋዙ፣ ኖዝሉ (ጋዙና ጨረሩ የሚወጡበት ጫፍ)፣ ሌንሱ፣ የምንገዛው ላሜራ። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ዋት ብቻ ነው። ስለ ቀሪው የሚነግራችሁ ስለሌለ እኔ ልንገራችሁ።

ቀድሞ ቀጭኑን በመቀስና በግራይንደር፣ ወፍራሙን በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በጋለ ጋዝ) ነበር የምንቆርጠው። ፕላዝማ ጎበዝ ነው፤ ግን ሰፊ መስመር ይበላል፣ ጠርዙም ዘንበል ይላል። የሌዘር መስመር ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በሐረግ በር ላይ ነው። የብራና መጻሕፍት ዳርቻ ላይ የምናውቀው ሐረግ፣ የላሊበላ መስቀል ጥልፍልፍ፣ ለመስጊድ በር የሚታዘዘው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ሁሉም ላሜራ ላይ እንደ ዳንቴል ተፈልቅቆ ይወጣል። ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ዲዛይኑን ቀለል አድርገን ደንበኛውን እናግባባ ነበር። አሁን ደንበኛው የፈለገውን ስዕል ይዞ ይመጣል። አንጋፋው በያጃችን የመጀመሪያውን የጸዳ ቁራጭ በእጁ አገላብጦ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳስሶ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ግራይንደር አይፈልግም» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን መስማት ለእኔ ከማንኛውም የሽያጭ ወረቀት ይበልጣል።

እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ተጉዘናል። ከጋዙ ልጀምር፤ ገንዘቡም ጥራቱም ያለው እዚያ ነው።

ጨረሩ ብረቱን ያቀልጣል። የቀለጠውን ከመስመሩ ጠርጎ የሚያወጣው ጋዙ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒተር ሆልድክሮፍት የተባለ እንግሊዛዊ ካምብሪጅ አጠገብ በሚገኝ የብየዳ ምርምር ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር የሌዘር ጨረርን ከኦክስጅን ፍሰት ጋር አጣምሮ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቆረጠ። የዚያ ዘመን ሌዘር ደካማ ነበር። ኦክስጅኑ ግን የጋለውን ብረት እያቃጠለ ተጨማሪ ሙቀት ሰጠው። እኛ ዛሬ 10 ሚሊ ሜትር ጥቁር ብረት ስንቆርጥ የምንጠቀመው ያንኑ ዘዴ ነው።

ኦክስጅን ለወፍራም ጥቁር ብረት ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ይሁን። እኛ 10 ሚሊ ሜትሩን ከ1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ባነሰ ግፊት፣ በደቂቃ 1.2 ሜትር ያህል እያስኬድን እንቆርጠዋለን። «ግፊት ሲጨምር ይሻላል» ብሎ የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) ከፍ የሚያደርግ ሰው ጠርዙን ያበላሸዋል። ኦክስጅኑ ከሚገባው በላይ ሲገባ ብረቱ ከመስመሩ ወጥቶ ይቃጠላል፤ ጠርዙም እንደ ተበላ ይሆናል። ሌላው የኦክስጅን ችግር ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅርፊት መተዉ ነው። ቀለም እዚያ ቅርፊት ላይ ከተቀባ ቅርፊቱ ሲላጥ ይዞት ይወድቃል። የግቢ በር ከሁለት ክረምት በኋላ ጠርዝ ጠርዙን ሲዝግ ካያችሁ አንዱ ተጠርጣሪ ይህ ነው። በኦክስጅን የተቆረጠ ጠርዝ ቀለም ከመቀባቱ በፊት መጽዳት አለበት።

የኦክስጅኑ ንጽሕናም ነገር አለው። ለብየዳ የሚሸጠው በተለምዶ 99.5 በመቶ ነው። ለሌዘር የሚመከረው 99.95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ ብረቱ ግን ለይቶ ያውቃቸዋል። ንጽሕናው ሲቀንስ ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይላል፤ ከሥርም ስላግ (ቀልጦ የተጋገረ የብረት ትርፍ) መያዝ ይጀምራል። ሲሊንደር ስትቀይሩ ቆረጣው ድንገት ከተበላሸ ማሽኑን ከመነካካታችሁ በፊት ሲሊንደሩን ጠርጥሩ።

ናይትሮጅን ለስቴንለስ ነው። ምንም አያቃጥልም፤ ዝም ብሎ የቀለጠውን ገፍቶ ያወጣል። ጠርዙ እንደ ብር ያበራል፤ ለብየዳም የተመቸ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሒሳቡን ልንገራችሁ። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ አለው። ናይትሮጅንን በ14 ባር፣ በ2 ሚሊ ሜትር ኖዝል ስትለቁት በሰዓት ከ30 ሜትር ኩብ በላይ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ሲሊንደር ለ10 ደቂቃ ያህል ቆረጣ ነው። ኦክስጅኑ በዝቅተኛ ግፊትና በጠባብ ኖዝል ስለሚሄድ ያው ሲሊንደር ለሰዓታት ይበቃል። ይህን ሳያውቅ ለስቴንለስ ሥራ ዋጋ የሚተምን ሰው ይከስራል። ደንበኛ የስቴንለስ መደርደሪያ ሲያዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ጠርዙ የሚታይ መሆን አለመሆኑን ነው። የማይታይ ከሆነ በአየር እቆርጠዋለሁ። ጠርዙ ትንሽ ቢጫና ጠቆር ይላል። ዋጋውም ለደንበኛው ይቀንሳል።

ወደ አየሩ ልምጣ። ብዙ የደከምንበት እሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ የካሰንም እሱ ነው።

አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። አምቀን፣ አድርቀን፣ አጣርተን ከሰጠነው ቀጭን ላሜራን በጣም ጥሩ አድርጎ ያስቆርጣል። በእኛ ማሽን 2 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ በኦክስጅን ስንቆርጥ በደቂቃ 5 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። በአየር 12 ሜትር እናስኬደዋለን። ለምጣድ አካል፣ ለመደርደሪያ፣ ለበር ጌጥ ይህ ፍጥነት የወሩን ገቢ ይቀይራል። የሚያስፈልገው ግን እውነተኛ ኮምፕረሰር (አየር አማቂ) ነው። ጎማ የሚነፋው ዓይነት እዚህ ቦታ የለውም። እኛ ባለ 15 ኪሎዋት ስክሩ (በሚሽከረከሩ ጠመዝማዛ ዘንጎች የሚያምቅ) ኮምፕረሰር ነው ያስገባነው፤ እስከ 16 ባር ይሰጣል።

ቻይናዊ ቴክኒሻንም ሆነ የሽያጭ ሰው የማይነግራችሁ አንድ ነገር እዚህ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕረሰሩ ላይ «በደቂቃ 1.2 ሜትር ኩብ» ተብሎ ቢጻፍ እዚህም ያንኑ 1.2 ይስባል። በዚያ ውስጥ ያለው አየር ግን ባሕር ዳር 0.9 ሜትር ኩብ የሚይዘውን ያህል ብቻ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የቆረጣ ሰንጠረዥ ይህን አያውቅም።

እኛ ላይ የታየው እንዲህ ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሰንጠረዡ ቀዳዳው 3.0 ሚሊ ሜትር የሆነ ኖዝል ይላል። ገጠምን። የላሜራው የመጀመሪያ ቁራጮች እንደ መስታወት ወጡ። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ከሥር ስላግ መያዝ ጀመረ። ሌላ ላሜራ ጫንን፤ ያው ሆነ። ፎከስ (የጨረሩን መሰብሰቢያ ነጥብ) ቀየርን፣ ፍጥነት ቀነስን፣ ለውጥ የለም። ኦፕሬተራችን ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀች ወጣት ናት። ቆረጣው ላይ ማፍጠጡን ትታ ከኮምፕረሰሩ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ትንሽ ቆይታ «ጋሼ፣ ጌጁን መጥተው ይዩት፤ 8 ላይ ወርዷል» አለችኝ። ነገሩ ወዲያው ገባን። ሥራ ሲጀመር የታመቀው አየር የሚጠራቀምበት ገንዳ ሙሉ ስለሆነ አየሩ ይበቃል። ኖዝሉ ግን ኮምፕረሰሩ ከሚያመርተው በላይ ይለቃል። ገንዳው ሲጎድል ግፊቱ ይወድቃል፤ ስላጉም ይመጣል።

መፍትሔው ኖዝሉን ወደ 2.0 ማውረድ ነበር። የኖዝል ቀዳዳ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን የሚወጣው ጋዝ አራት እጥፍ ነው። ከ3.0 ወደ 2.0 ስትወርዱ ፍጆታው ከግማሽ በታች ይሆናል። ግፊቱ 13 ላይ ቆመ። ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሰን ፎከሱን አስተካከልን፤ ከላሜራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጠርዙ አንድ ሆነ። ደብረ ብርሃንም ሆነ ጎንደር ያላችሁ ሰዎች፣ የእናንተም ከተማ ከፍታ ላይ ነው። ኮምፕረሰር ስትመርጡ ከሚባለው በላይ አንድ ደረጃ ጨምሩ። የውኃ ማቀዝቀዣው ቺለርም እንዲሁ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነውና አንድ ደረጃ ተለቅ ያለውን ውሰዱ፣ ግድግዳም ላይ አታስጠጉት።

ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ አለ። የታመቀ አየር ውኃውን ይተፋል። አየር ማድረቂያው ድራየርና ተከታታይ ማጣሪያ ከሌለ ያ ውኃ፣ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ሌንሱ ላይ ያርፋል። ቀላል መፈተሻ አለ። ሌዘሩን ሳታበሩ አየሩን ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ ንፉ። ነጥብ ወይም ቅባት ከታየ ቆረጣ አትጀምሩ። እኛ ጠዋት ጠዋት ይህን ሳናደርግ ማሽኑ አይነሳም። የገንዳውን ውኃ ማፍሰስም የጠዋት ሥራ ነው።

አሁን ስለ ጭንቅላቱ። እዚህ ሁለት ነገሮች ጥራቱን ይወስናሉ፦ ፎከሱና መሐሉ።

ፎከስ ማለት ጨረሩ በጣም ጠብቦ የሚሰበሰብበት ነጥብ ነው። በኦክስጅን ስንቆርጥ ነጥቡን ከላሜራው ገጽ በላይ እናደርገዋለን። በናይትሮጅንና በአየር ደግሞ ወደ ብረቱ ውስጥ እናወርደዋለን። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለውጥ ከሥር የተንጠለጠለውን ስላግ ያጠፋል ወይም ያመጣል። ሰንጠረዡ መነሻ ይሆናል እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። እኛ ለእያንዳንዱ ውፍረት ከትርፍራፊ ላይ አጫጭር መስመሮችን በተለያየ ፎከስ እንቆርጣለን፤ ከዚያ የተሻለውን እንመዘግባለን። ደብተሩ ማሽኑ አጠገብ ተንጠልጥሏል። በእኔ አስተያየት ይህ ደብተር ከማሽኑ ጋር ከመጣው መመሪያ ይሻላል።

መሐል ማለት ጨረሩ ከኖዝሉ ቀዳዳ ትክክለኛ ማዕከል ላይ መውጣቱ ነው። መፈተሻው ፕላስተር ነው። ኖዝሉ አፍ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ በዝቅተኛ ጉልበት አንድ ጊዜ ትተኩሳላችሁ፤ ቀዳዳው የት እንደወደቀ ታያላችሁ። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ በብሎኖቹ ታስተካክላላችሁ። ምልክቱ ደግሞ ከቁራጩ ላይ ይነበባል። ስላጉ በአንድ ጎን ብቻ ከያዘ፣ ሌላው ጎን ንጹሕ ከሆነ፣ ፍጥነትና ግፊት አትነካኩ፤ መሐሉ ነው የተዛነፈው። ኖዝሉ ራሱ ተመትቶ ክቡ ከተበላሸም እንዲሁ ያደርጋል። ኖዝል ርካሽ ነው፤ አዲሱን ግጠሙ።

ፍንጣሪውንም ማንበብ ይቻላል። ከላሜራው ሥር የሚወጣው ፍንጣሪ ወደ ኋላ በጣም ካጋደለ ፈጥናችኋል። ቀጥ ብሎ ሳይበተን በአንድ ላይ ከወረደ ዘግይታችኋል። ሲበተን ደህና ነው። ኦፕሬተራችን አሁን በፍንጣሪው ብቻ ስላግ እንደሚይዝ አስቀድማ ትናገራለች። ለዚህ ሙያ ያላትን ዓይን ሳይ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ያስፈልጉናል።

የመከላከያ ሌንሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ኖዝሉ አጠገብ ያለች ትንሽ መስታወት ናት፤ ከላይ ያሉትን ውድ ሌንሶች ከፍንጣሪና ከአቧራ ትጠብቃለች። አንዲት ጥቁር ነጥብ ስታርፍባት ያ ቦታ ሙቀት ይመጥጣል፣ ሌንሷ ትግላለች፣ ፎከሱም ይሸሻል። ጠዋት ጥሩ ይቆርጥ የነበረ ማሽን ከሰዓት በኋላ የሚያስቸግረው አንዳንዴ በዚህ ነው። አውጥታችሁ ወደ መብራት አዙራችሁ እዩዋት። የእኛ ሰፈር አቧራ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሌንስ የምንቀይረው ግራይንደር በማይሠራበት ሰዓት፣ እጃችንን ታጥበን፣ ክፍት የሆነውን የጭንቅላቱን ቦታ ወዲያው በፕላስተር ሸፍነን ነው። በርካሽ የሚሸጡ ሌንሶችን ሞክረን ነበር። ቶሎ ይበላሻሉ። የሚያድኑት ገንዘብ የለም።

ስለ ላሜራው አጠር ላድርግ። ዝገትና ቀለም ያለበት ላሜራ ላይ ጥሩ ቆረጣ አይጠበቅም። የጭንቅላቱን ከፍታ የሚለካው ሴንሰር ከብረቱ ጋር ባለው የኤሌክትሪክ ግንኙነት ስለሆነ የሚሠራው፣ ጭንቅላቱ ቆሻሻ ላይና የመሬት ሽቦው (ኧርዝ) በላላበት ቦታ ይንቀጠቀጣል። ውፍረቱንም በካሊፐር ለኩ። 1.5 ተብሎ የተሸጠ ላሜራ ሁልጊዜ 1.5 አይደለም፤ ለቀጭን ሥራ ልዩነቱ የፎከስና የፍጥነት ለውጥ ይጠይቃል። በወፍራሙ ደግሞ የብረቱ ውስጣዊ ይዘት ይለያያል። ሲሊከን የበዛበት ብረት ጠርዙ ሻካራ ይሆናል። አንድ ጊዜ ጥሩ የቆረጠላችሁን ዓይነት ስታገኙ ከዚያው ጭነት በዛ አድርጋችሁ ግዙ።

የሐረግ ሥራ የራሱ ጥበብ አለው። ጥልፍልፉ ቀጭን ድልድዮች ስላሉት ሙቀቱ ከተከማቸ ላሜራው ይጎብጣል፤ ተነስቶም ጭንቅላቱን ይመታል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን በተርታ አናስቆርጥም። አንዱን እዚህ፣ ቀጣዩን ራቅ ብሎ፣ ሌላውን ከሌላ ጥግ እያደረግን ቅደም ተከተሉን ሶፍትዌሩ ላይ እንበትነዋለን። የውስጡ ሁሉ አልቆ የውጭው ዙሪያ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል። ተገልብጠው የሚቆሙ ቁራጮችን በትናንሽ ማያያዣ ነጥቦች ከላሜራው ጋር እናስቀራለን፤ በኋላ በእጅ ይሰበራሉ። ጨረሩ መጀመሪያ የሚበሳበትን ቦታ ደግሞ ከሚጣለው ክፍል ውስጥ እናደርገዋለን፤ የመብሻው ጠባሳ ጌጡ ላይ እንዳይቀር። በኦክስጅን ለሚቆረጥ ወፍራም ብረት ቀዳዳው ከብረቱ ውፍረት ባያንስ ይመረጣል። አንድ ደንበኛችን ለቤተ ክርስቲያን በር ያሠራው 3 ሚሊ ሜትር ሐረግ በዚህ መንገድ ተቆርጦ ሲያልቅ መስታወት ላይ አስቀምጠን አየነው፤ አንድም ጥግ አልተነሳም።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? ብዙዎች ይህን ይጠይቁኛል። መቆጣጠሪያው ከተቋረጠበት ነጥብ ይቀጥላል፤ ይህን በጣም ወድጄለታለሁ። ላሜራው እስካልተነካ ድረስ መስመሩ ይገጥማል። የሚጎዳው መቋረጡ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። 380 ቮልት የሚለው መስመር ከሰዓት በኋላ ሲወርድ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ እያሳየ ይቆማል። ስታቢላይዘር ግዴታ ነው። የፋይበር ሌዘር ከወሰደው ኤሌክትሪክ ወደ ጨረር የሚቀይረው 30 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ኪሎዋት ጨረር ለማግኘት ምንጩ ብቻ 10 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። ቺለሩ፣ ሞተሮቹ፣ ጢስ መሳቢያው ሲጨመሩ 20 ይጠጋል። ኮምፕረሰሩ ከዚያ ውጭ ነው። ማሽኑን ከማዘዛችሁ በፊት የቆጣሪያችሁን አቅም አስፈትሹ።

ቅሬታዬን ልናገር። ዋነኛው ክፍትነቱ ነው። የዚህ ሌዘር ጨረር ለዓይን አይታይም። የሞገድ ርዝመቱ 1.07 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የዓይንን ፊት አልፎ ሬቲና ላይ ይደርሳል። ከላሜራው ላይ ነጥሮ የመጣው እንኳ ዓይን ያጠፋል፤ ዳግም አይመለስም። ከማሽኑ ጋር የመጣው መነጽር አንድ ብቻ ነበር። በወርክሾፑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ለዚህ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ለሁሉም ገዛን፤ ዙሪያውንም በላሜራ ግድግዳ አጥረን በሩ ሲከፈት ማሽኑ እንዲቆም አደረግን። የብየዳ ጥቁር መነጽር ለዚህ የተሠራ አይደለም። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ላሜራ) ሲቆረጥ የሚወጣው የዚንክ ጢስም ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት ጢስን ከሳንባ አያወጣም፤ ጢስ መሳቢያውን አብሩ። እንዲህ ያለ ማሽን ሳይሸፈን የሚሸጥ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታ ሥልጠናው ነው። የሻጩ ቴክኒሻን ማሽኑን አብርቶ፣ አንድ ናሙና አስቆርጦ ሄደ። ከላይ የጻፍኩትን አብዛኛውን ነገር አልነገረንም። መለዋወጫውም ከባድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኖዝልም የሌንስም ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ብዙ ኖዝል፣ ሌንስና ኖዝሉን የሚይዝ የጭንቅላት ሴራሚክ ብታስመጡ ይሻላል። መዳብና ነሐስ የመቁረጥ ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እነዚህ ብረቶች ጨረሩን ወደ ምንጩ መልሰው ያንጸባርቃሉ፤ ምንጩ መከላከያ ከሌለው ይጎዳል።

ለማን ይሆናል? በየዕለቱ ቀጭንና መካከለኛ ላሜራ ለሚቆርጥ፣ ስዕል መሥራት የሚችል ሰው ላለው፣ ለኮምፕረሰሩና ለድራየሩ የሚበቃ ተጨማሪ ገንዘብ ለያዘ ወርክሾፕ በጣም ጥሩ ነው። ሥራው በብዛት ቱቦላሬ በር ለሆነ ሰው ግን ይህ አልጋ አይጠቅመውም፤ የቱቦ መቁረጫ ሌላ ማሽን ነው። በሳምንት ጥቂት ላሜራ ብቻ ካላችሁም ሌዘር ላለው ሰው ሰጥታችሁ አስቆርጡ፤ ገንዘባችሁን ለብየዳና ለቀለም ሥራ አውሉት።

ለመግዛት ከወሰናችሁ የሻጩን የማሳያ ናሙና አይታችሁ አትመለሱ። የራሳችሁን ላሜራ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመርካቶ የገዛችሁትን፣ ዘይቱና ትንሽ ዝገቱ ያለበትን። 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ጥቁር፣ 1 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ይቁረጡላችሁ። አንዷን ትንሽ ቁራጭ አይታችሁ እንዳትረኩ፤ ሙሉው ላሜራ እስኪያልቅ ድረስ ከኮምፕረሰሩ ጌጅ አጠገብ ቁሙ።